የግድግዳዬን ወንዝ ያነበቡት ሰው

ጋሽ ደምሰው መሞታቸውን የነገረኝ የብሎካችን ዘበኛ አየለ ነው። ጠዋት ደረጃው ላይ አገኘኝና ኮፍያውን አውልቆ፣ «እትዬ አሰለፈች፣ ጋሽ ደምሰው አረፉ» አለኝ።

«የት ቆመህ አየህ?» አልኩት።

«እ?»

«ሲሞቱ አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?»

«ኧረ በስመአብ! ሰው ሞተ እያልኩዎት! እህታቸው ናቸው የነገሩኝ።»

«እህታቸውስ አይተዋል?»

አየለ ኮፍያውን መልሶ አጠለቀ። እኔም የተናገርኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ንግግሩ የእኔ አልነበረም፤ የእሳቸው ነው። ሰውዬው ሞተው እንኳ በእኔ አፍ ይመረምራሉ። ሦስተኛ ፎቅ ወርጄ፣ ቤታቸው ገብቼ፣ አልጋቸው ላይ ተሸፍነው ሳያቸው ነው ያመንኩት። ያን ጊዜ ድምፄን ለቅቄ አለቀስኩ። ለጎረቤት እንዲያ አይለቀስም መሰለኝ፣ እህታቸው ወይዘሮ የሺ ዞር ብለው አዩኝ። ይቺ ደግሞ ምናቸው ናት ሳይሉ አልቀሩም።

ጋሽ ደምሰውን የማያውቅ ሰው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ቢያንስ እኛ ግቢ፣ የለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ በጋ ከክረምት አንዲት ግራጫ ካፖርት የማትለያቸው ሰው ነበሩ። ሥራቸው ወንዝ መለካት ነበር። እኔ ዕድሜ ልኬን ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆኜ የሰው ክርክር ስተይብ የኖርኩ ሴት፣ ወንዝ የሚለካ ሰው ደሞዝ እንደሚከፈለው ከእሳቸው ነው የሰማሁት። ጡረታ ወጥተው የሚለካ ወንዝ ሲያጡ እኛን መለካት ጀመሩ።

ግቢያችን ውስጥ የጋራ የውሃ ታንከር አለ። ጋሽ ደምሰው ምስማር እየመቱ ምልክት ያደረጉበት ዱላ አላቸው፤ ጠዋት ጠዋት መሰላል ላይ ወጥተው ዱላውን ታንከሩ ውስጥ ይሰዱና ልኩን ደብተራቸው ላይ ያሰፍራሉ። እኛ እንስቅባቸዋለን። አንድ ቀን ውሃው ጥፍት ሲል ሁላችንም «ፈረቃው ስላልደረሰን ነው» ብለን ተቀመጥን። እሳቸው ግቢው መሀል ቆመው፣ «ትናንት ማታ አንድ ሜትር ከአስር ነበር! ማነው የጠጣው? ዝሆን ነው እንዴ የምናኖረው?» ብለው ጮኹ። ጉዳዩ ሲጣራ ከጎን ብሎክ ያለ ሰውዬ ሚኒባሱን በእኛ ውሃ ያጥብ ኖሯል። ያን ቀን ያላመሰገናቸው የለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደረጃ ላይ ሲያጋጥሙን ምንም ያላጠፋን ሰዎች ሁሉ ያጠፋነውን ማሰብ ጀመርን።

ሜክሲኮ ታክሲ ሲይዙ ማየት ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ረዳቱ «ልደታ! ልደታ!» እያለ ጉሮሮው ሲሰነጠቅ፣ እሳቸው በመስኮት ሾፌሩን «ወዴት ነው?» ይሉታል። ሾፌሩ «ልደታ» ሲላቸው የተቀመጠ ተሳፋሪ ይጠይቃሉ። አንዴ አብሬያቸው ሆኜ ሾፌሩ ተናደደና፣ «አባባ፣ ካላመኑኝ ለምን መጥተው አይነዱትም?» አላቸው።

«መንጃ ፈቃድ የለኝም» አሉት። «ያንተንም ገና አላየሁም።»

የሚወዷት አባባል ነበረቻቸው። «ማን ነገረሽ አይደለም ቁም ነገሩ፤ የነገረሽ ሰው የት ቆሞ አየ ነው።» ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይሏታል። ሰው «ልቡ ናት ድንገት ቀጥ ያለችው» ብሎ ሲያዝን፣ እሳቸው «ሐኪሙ የት ነበር?» ይላሉ። እኔ ታዲያ ይሄ ጥርጣሬ ምን እንደሚያስከፍል የገባኝ ወደ እኔ ቤት የመጣ ጊዜ ነው።

እኔ አራተኛ ፎቅ፣ እሳቸው ከእግሬ ሥር ናቸው። ባለፈው ነሐሴ የሳሎናቸው ጣሪያ እርጥበት አወጣና ተጠርጣሪዋ እኔ ሆንኩ። ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። መታጠቢያ ቤቴን በርብረው፣ ቧንቧውን ነክተው፣ ጣታቸውን አሽትተው፣ «ለጊዜው ምንም አላገኘሁም» አሉ። ለጊዜው! እየተንገሸገሽኩ ወደ በሩ ስሸኛቸው ሳሎን መሀል ቀጥ አሉ።

ከሶፋዬ በላይ የባለቤቴ ሥዕል አለ። ጌታሁን አንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ይስላል። ዛፍ ይሆንለታል፣ ውሃ ይሆንለታል፤ ሰው ግን አይሆንለትም። ልጃችንን ሳምራዊትን አንዴ ስሎ ድንች አስመስሏት አልቅሳለች። ይሄኛው ሥዕል ግን የእጁ ሁሉ ቁንጮ ነው። ዳርና ዳሩ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ፣ ከዛፍ ዛፍ የተንዠረገገ ሐረግ፣ ከጨለማው ውስጥ ብቅ ብሎ ድንጋይ እየገጨ፣ አረፋ እየደፈቀ የሚመጣ ወንዝ። ለመጣ እንግዳ ሁሉ «ከጭንቅላቱ ነው የሳለው» እላለሁ። እሱም እንደዚያ ነበር የሚለኝ፤ «ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኛል አሰለፍ» ይለኝ ነበር። በስተቀኝ ውሃው ዳር አንዲት ነጭ ወፍ ቆማለች። ሕፃን ይዞ የመጣ ሰው ካለ ወፏን አሳያለሁ። ጌታሁን ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ግን ያን ሥዕል እያየሁ ብቻዬን ነኝ ብዬ አላውቅም ነበር።

«ይሄን ማን ሳለው?» አሉኝ ጋሽ ደምሰው።

«ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና።»

«የት ቆሞ?»

«ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ተከራይተን ሳለን፣ እዚያው በረንዳችን ላይ። ከጭንቅላቱ።»

«ውሸት» አሉ።

ደሜ ፈላ። «ጋሽ ደምሰው፣ ለቧንቧዬ ነው የመጡት ወይስ ለባሌ?»

አልሰሙኝም። ሶፋዬን ገፋ አድርገው ተጠጉና፣ «ይቺ ምንድን ናት?» አሉ።

«ወፍ ናት።»

«ወፍ!» ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ነው መጀመሪያ። «ይሄ የውሃ ከፍታ መለኪያ ዘንግ ነው። ጥቁርና ነጭ ይቀባል፣ ቁጥር ይጻፍበታል፣ ወንዝ ዳር ይተከላል። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰው ወርዶ ያነባል፤ ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደገና ያነባል። ይሄን ከጭንቅላቱ የሚያመጣ ሰው አልተፈጠረም። ወንዙንም አውቀዋለሁ። ከጎሬ ወዲያ ነው። አራት ዓመት ኖሬበታለሁ።»

ከዚያ ያን ሥዕል እንደ ደብዳቤ ያነቡልኝ ጀመር። ጥላው በዚህ በኩል ስለወደቀ ጊዜው ጠዋት ነው። ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው ቅጠል ውሃው ትናንት እስከዚያ ደርሶ እንደነበር ይናገራል፤ ስለዚህ ወንዙ እየጎደለ ነው። ዳር ዳሩ ቡናማ፣ መሀሉ ጠራ ያለ ውሃ የጥር ውሃ አይደለም፤ የነሐሴ መጨረሻ፣ ቢበዛ የመስከረም ነው። «ሰው ከጭንቅላቱ ዛፍ ይፈጥራል» አሉ። «ጥላውን ግን በትክክል አይጥልም። ባልሽ እዚህ፣ በግራ ዳር ቆሞ አይቷል።»

ሳቅኩባቸው። በሩን ዘግቼ ሶፋው ላይ ስቀመጥ ግን ሳቁ ከፊቴ ጠፋ።

ሳምራዊትን የወለድኩበት ዓመት ጌታሁን አራት ወር ከቤት ጠፍቷል። «ናዝሬት ሥልጠና ተላክሁ» ብሎ ነው የሄደው። ክረምቱን እኔ አራስ ሆኜ እናቴ ቤት ከረምኩ፤ እሱ በጥቅምት ተመለሰ። በተመለሰ በወሩ ይሄ ሥዕል ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። እንግዲህ ናዝሬት ጫካ የለም፣ ናዝሬት እንዲህ ያለ ወንዝ የለም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ያላሰብኩትን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ አሰብኩት።

በማግስቱ የድሮ የሥራ ባልደረባው አቶ ብርሃኑ ጋ ደወልኩ። «ያኔ ናዝሬት አብራችሁ ነበራችሁ አይደል?» አልኩት፣ እንደ ቀልድ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ትዝ አለሽ!» ብሎ ሳቀ። «አብረን ነበርን፤ እኔ ግን ሁለት ወር ብቻ ነው የቆየሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን እንጃ።»

እንጃ! ይቺ ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካች። ሁለት ወር ተመስክሮለታል፤ ሁለት ወር አልተመሰከረለትም።

ጋሽ ደምሰው ደግሞ አልተዉኝም። ቧንቧውን ረስተውታል፤ እርጥበቱ ከላይኛው ጣሪያ የመጣ መሆኑ ቢታወቅም ከሰዓት ከሰዓት ይመጣሉ። ሻይ አቀርባለሁ፣ ይቀዘቅዛል። በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን ማጉያ መነጽር ይዘው መጡና፣ «ነይ፣ ጣትሽን አምጪ» አሉኝ። ጣቴን ይዘው ሥዕሉ ላይ አስኬዱት። «ሌላው ቦታ ቀለሙ ስስ ነው። እዚህ፣ ዘንጉ አጠገብ፣ እንዴት እንደወፈረ ይሰማሻል? ስሎ ስሎ ሸፍኖታል።»

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ። ቁመቱ የሰው ነው።»

እሳቸው ሰው አሉ፤ እኔ ሴት አልኩ በልቤ። ውሃ ዳር የቆመች ሴት። ስሏት፣ ሚስቱ እንዳታያት ሸፍኗት፣ ከሶፋዬ በላይ ሰቅሏት፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ከእኔ ጋር ሳሎን አስቀምጧት! ወይ አለማወቅ! እኔ ደግሞ ወፍ ናት እያልኩ የሰው ልጅ ሳጫውት። ታክሲ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሲገባ ጆሮውን ማየት ጀመርኩ። የጌታሁን ጆሮ ወደ ውጭ ገፋ ያለ ነው፤ ጎሬ ላይ የእሱን ጆሮ ይዞ የሚዞር ሰው ይኖር ይሆን እያልኩ።

ጋሽ ደምሰውንም ጠረጠርኳቸው። ተሸፍኗል ያሉትን ቦታ አንዴ አሳይተውኝ ሁለተኛ አላዩትም። ዓይናቸው ሁልጊዜ ዘንጉ ላይ ነው። በማጉያው ያፈጣሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ይተዉታል፣ ደግመው ያፈጣሉ። አንድ ቀን አላስችል አለኝና፣ «እርስዎን ምን አገባዎት? ምን ፈልገው ነው?» አልኳቸው።

«ቁጥሩን» አሉ። «ባልሽ ነጠብጣብ ብቻ ነው ያደረገው። ቁጥሩን አልጻፈውም።»

«ቁጥሩ ምን ያደርግልዎታል?»

መልስ አልሰጡኝም። መልስ የማይሰጥ ሰው ደግሞ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ይሄንንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያቺን ሴት ያውቋታል ብዬ ደመደምኩ። በነጋታው ሥዕሉን አወረድኩና ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ ከተትኩት። ከሰዓት መጥተው ባዶውን ምስማር ሲያዩ ፊታቸው ዐመድ መሰለ።

«የት አደረግሽው?»

«ምን ይሁንልዎት?»

«አሰለፈች፣ እባክሽ፤ አንድ ጊዜ ብቻ ልየው።»

በሩን ዘጋሁባቸው። ከዚያ በኋላ ደረጃ ላይ ስንገናኝ አንገት ደፍተን እንተላለፋለን።

በኅዳር የጌታሁን ሙት ዓመት ደረሰ። በየዓመቱ ልደታ ማርያም ጸሎት አስደርጌ፣ ጎረቤት ጠርቼ፣ አቅሜ የፈቀደውን አቀርባለሁ። ሳምራዊት ከሐዋሳ ደወለች። «እማዬ፣ የአባቢን መቼ ነው የምታደርጊው? ልምጣ?»

«ዘንድሮ ይቅር» አልኳት።

«ምን ሆነሽ ነው? አሞሻል?»

«ይቅር አልኩሽ እኮ!»

ስልኩን ዘጋሁና ለራሴ፣ ያቺ የጎሬዋ ሴት ታስደርግለት፣ ብዬ ተሳደብኩ። የሞተ ሰው ራሱን አይከላከልም። ፍርድ ቤት ስንት ዓመት ስሠራ ተከሳሹ በሌለበት የሚሰጥ ፍርድ ያንገሸግሸኝ ነበር፤ ባሌ ላይ ግን ራሴ ፈረድኩ። ያን ዓመት ማንም በስሙ ዳቦ አልቆረሰለትም። ይሄን ሳስበው እስካሁን ያመኛል።

መጋቢት ላይ በረንዳውን ሳጸዳ የቀለም ሳጥኑን አገኘሁ። ልጥለው ነው የከፈትኩት፤ ዓይኔ እንዲያየው አልፈለግሁም። ብሩሾቹ ደርቀው እንጨት ሆነዋል። ከሥር የተነጠፈውን ጋዜጣ ሳነሳ አንድ የተጠቀለለ ወፍራም ወረቀት ወደቀ። ዘረጋሁት። የድሮ ቀን መቁጠሪያ ቅጠል ነው፤ ከታች መስከረምና ጥቅምት፣ ከላይ ትልቅ ባለ ቀለም ፎቶ።

ፎቶው የእኔ ወንዝ ነው። ያው ጫካ፣ ያው ሐረግ፣ ያው የወደቀ ግንድ። በእርሳስ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ ካሬ ካሬ ተሰምሮበታል፤ ጠርዙ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ በጌታሁን እጅ ተቆጥሯል። ሥዕል የሚገለብጡ ሰዎች እንዲህ ያደርጋሉ፤ ትንሹን ፎቶ በካሬ ከፋፍለው ካሬ በካሬ ወደ ትልቁ ሸራ ያሻግራሉ። ዳር ላይ የአውራ ጣቱ አረንጓዴ አሻራ አለ።

ከጭንቅላቱ! ውሸታም! በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቅኩ። ሠላሳ ዓመት የደበቀኝ ነገር ይሄ ነው፤ ከቀን መቁጠሪያ መገልበጡን! ሚስቱ ሠዓሊ ነው እንድትለው! ዘንጉ አጠገብ ደግሞ ሰው አለ። ሴት አይደለችም፤ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ የጠቀለለ፣ ዘንጉን በአንድ እጁ የያዘ ቀጭን ወጣት ነው። በዚያች ካሬ ውስጥ እርሳሱ ተሰርዞ ተሰርዞ ወረቀቱ ሳስቷል። ሰው አልሆን ሲለው ነው በውሃ የሸፈነው፤ ምስኪን።

ያን ወረቀት ይዤ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። የጋሽ ደምሰውን በር በጡጫ መታሁት። ከፈቱ።

«ይኸው!» አልኳቸው። «የት ቆሞ አየ አይደል የሚሉት? ጠመንጃ ያዥ በረንዳ ላይ ቆሞ ነው ያየው! ከቀን መቁጠሪያ! ባሌን ሰባት ወር ሙሉ ያስጠረጠሩኝ በዚህ ነው!»

ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ስድቤ ገና አላለቀም ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት። ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«ይሄ ሸሚዝ የወንድሜ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ለፎቶው ብዬ የተዋስኩት።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ቀጭኑን ወጣት አየሁ፣ ቀጭኑን ሽማግሌ አየሁ። ጌታሁን ቀለም እየደረበ የሸፈነው፣ እኔ ሴት ናት ብዬ የተቃጠልኩበት ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጧል።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ዓይኔን እይው።»

አየሁት።

«ወዴት ነው የማየው?» አሉኝ።

«ወደ ፎቶ አንሺው» አልኳቸው።

«ዘንጉን አላየሁትም» አሉ። «እጄን ጭኜበት እንኳ አላየሁትም።»

እንደዚያ ተቀምጠው ነገሩኝ። ወጣት ሳሉ የዚያ ወንዝ አንባቢ እሳቸው ነበሩ። ከሚኖሩበት ቤት ወንዙ ድረስ በእግር አንድ ሰዓት ይሆናል። ክረምት ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ አልቅቱ እግር ላይ ይጣበቃል። አንድ ቀን አሟቸው ቀሩና ከትናንቱ ልክ ላይ ሁለት ሳንቲም ሜትር ጨምረው ጻፉ። ማንም ምንም አላለ። በማግስቱም ቀሩ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እሳት እየሞቅኩ ወንዝ ለካሁ» አሉኝ። ከዚያ ከአዲስ አበባ ፎቶ አንሺዎች መጥተው፣ ሥራህን እየሠራህ እናንሳህ አሏቸው። ወረዱ፣ ሱሪያቸውን ጠቀለሉ፣ ቆሙ። ፎቶው ሲያልቅ ቤታቸው ተመልሰው የዚያን ቀኑንም ከልባቸው አውጥተው ጻፉት።

ማጉያቸውን አነሱና ፎቶው ላይ አጎነበሱ። የዘንጉን ምልክት በጣታቸው ከታች ወደ ላይ ቆጠሩ።

«አንድ ሜትር ከስልሳ አራት» አሉ።

«ያኔ ስንት ብለው ነው የጻፉት?»

«አንድ ከአርባ።»

«ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ያስታውሱታል?»

«ያነበብኩትን ሁሉ ረስቼዋለሁ። የዋሸሁት ነው የማይረሳኝ» አሉ። «በዚያ ቁጥር ምን እንደሠሩበት አላውቅም፤ ድልድይ ይሁን፣ መንገድ ይሁን። ሄጄ ለማየት ወኔ አልነበረኝም። እኔን ግን ጎበዝ ሠራተኛ ነው ብለው ተቆጣጣሪ አደረጉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ሰው ሠራሁ፣ አየሁ፣ ነበርኩ ሲለኝ አምኜ አላውቅም። ሌባ እናት ልጇን አታምንም ይባል የለ? ያቺ እናት እኔ ነኝ።»

ልቆጣቸው አልቻልኩም። ግን የራሴም ነገር አልወጣልኝም ነበርና፣ «ሁለቱ ወርስ?» አልኳቸው። «ይሄ ወረቀት ሥዕሉ ከየት እንደመጣ ነው የሚናገረው። ሰውዬው የት እንደነበረ አይናገርም።»

«አይናገርም።»

«እና ምን ልበል?»

ጋሽ ደምሰው መነጽራቸውን አወለቁ። «እመኚው» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት እመኚው የሚሉኝ?»

«በእኔ አይደል የጠረጠርሽው? እንግዲያውስ በእኔው እመኚው። አንቺ ሳታነቢ የጻፍሽው ነገር የለሽም፤ ምን ሆነሽ ነው እንደኔ የምትኖሪው?»

ያን ቀን ሥዕሉን መልሼ ሰቀልኩት። ወረቀቱን ለአንድ ሳምንት አውሼያቸው፣ በላስቲክ ሸፍነው መለሱልኝ። ሙሉ በሙሉ አምኛለሁ ብል ግን እዋሻለሁ። ያቺ «እንጃ» አልወጣችም። የጌታሁንን ስም ሰው ፊት ማንሳት አልቻልኩም፤ «ሟቹ» እያልኩ አልፈዋለሁ።

ወር ሳይሞላ ጋሽ ደምሰው ሞቱ።

ድንኳኑ ግቢው ውስጥ ሲተከል ወይዘሮ የሺ እኔ ጋ ወጡ። ድንኳኑ ፊት የሚቆም የጋሽ ደምሰው ፎቶ ቸግሯቸው ነው፤ መታወቂያቸው ላይ ካለችው ጥፍር ከምታህል በቀር ምንም የለም። «ፎቶ አንሺ ምን እንደሚያደርግበት አላውቅም እያለ በሠርጌ ላይ እንኳ አልቆመም» አሉኝ። ወረቀቱን ይዤ ሜክሲኮ ወደሚገኝ ማተሚያ ሄድኩ። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ጋሽ ደምሰውን ለይታ አጎላቻቸውና፣ «እናቴ፣ እነዚህን የእርሳስ መስመሮች ላጥፋቸው? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም» አለችኝ።

«አትንኪያቸው» አልኳት።

እንዲያ እንዳለ ታትሞ፣ ክፈፍ ገብቶ ድንኳኑ ፊት ቆመ። ወጣቱ ደምሰው፣ በተዋሰው ሸሚዝ፣ ጉልበቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ ፊቱና ደረቱ ላይ ካሬ ካሬ መስመር። አልቃሽ እየገባ ያየዋል፣ ተቀምጦም ያየዋል። ከኋላዬ አንዲት የጎን ብሎክ ሴትዮ ለባልንጀራዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት።

«ምነው ፍርግርግ ውስጥ ናቸው? ታስረው ነበር እንዴ?»

«እኔ ድሮም እጠረጥራቸው ነበር። ዓይናቸውን አታዪውም? ወንዝ ለኪ ነኝ ይሉ የነበረው ይሄኔ ሌላ ነገር ነው።»

ወሬው ከአግዳሚ ወንበር ወደ አግዳሚ ወንበር ሲሻገር አየሁት። አንገቶች ወደ ፎቶው ይሰግጋሉ፣ ይመለሳሉ። ሰውዬው ያላደረጉትን ሊለጥፉባቸው ነው፤ ያደረጉትን ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። ብድግ አልኩ።

«አልታሰሩም!» አልኩ። «እሳቸው ወንዝ ለኪ ነበሩ፤ ያ ወንዝ ነው። መስመሩን ያሰመረው የእኔ ባል ነው። ጌታሁን ይባላል። ሊስላቸው ፈልጎ ነው፤ ሰው መሳል አይችልም ነበር።»

«የት ተገናኝተው ነው የሚስላቸው?» አለች ሴትዮዋ።

«አልተገናኙም። ጌታሁን ያኔ ናዝሬት ነበር» አልኳት። «አራት ወር ሙሉ።»